ኤስና ክዊን ይዞ መጣል፦ የፖከር ውድድር የኦል ኢን ሒሳብ የሚለያየው የት ላይ ነው?

አንድ የፖከር ውድድር ጠረጴዛ ላይ አራት ሰው ቀርቷል፤ ሽልማት ያለው ግን ለሦስት ብቻ ነው። የአራቱም ቺፕ እኩል ነው። አንዱ ተጫዋች ካርታውን ገልጦ እንኳ ሳያይ ያለውን ሁሉ ወደ መሃል ገፋ፤ ኦል ኢን የሚባለው ይህ ነው። ተራው የደረሰው ሰው የያዘው ኤስና ክዊን ነው፤ ምልክታቸው የተለያየ። ይህ ካርታ በዘፈቀደ ከታደለ ከማንኛውም ካርታ ጋር ቢገጥም ከመቶ 64 ጊዜ ያህል ይረታል። ታዲያ ይቀበል ወይስ ይጣል? በውድድር ፖከር በብዛት የሚሠራበት ሞዴል መልሱ አጭር ነው፤ ይጣል።

ፖከርን በገንዘብ ጠረጴዛ ብቻ የሚያውቅ ሰው ይህን ሲሰማ ይስቃል። 64 በመቶ የማሸነፍ ዕድል ይዞ የሚሸሽ ምን ዓይነት ተጫዋች ነው? በገንዘብ ጠረጴዛ ቢሆን ትክክል ነበር። እዚያ ቺፕ ማለት ገንዘብ ነው፤ የፈለገ በማንኛውም ሰዓት ተነስቶ መንዝሮ ይሄዳል። በውድድር ግን ቺፕ አይመነዘርም። የሚከፈለው በደረጃ ነው፤ አንደኛ ይህን ያህል፣ ሁለተኛ ይህን ያህል እየተባለ። የውድድሩን ቺፕ በሙሉ የሰበሰበ አሸናፊ እንኳ የሽልማቱን ገንዘብ በሙሉ አይወስድም። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ አንድ ሺህ ቺፖች ቀጥሎ ከሚመጡት አንድ ሺህ ይልቅ ዋጋቸው ይበልጣል። ሞዴሎቹ ሁሉ የሚሞክሩት ይህን የዋጋ ልዩነት በቁጥር መግለጽ ነው፤ “ይህን ያህል ቺፕ፣ ከእነዚህ ተቃዋሚዎች ጋር፣ በገንዘብ ስንት ነው?” ለሚለው ጥያቄ መልስ መስጠት።

ቁጥሩን እናስላው። አሥር ሰው እያንዳንዱ 100 ዶላር ከፍሎ ገብቷል፤ ሽልማቱ 500፣ 300 እና 200 ዶላር ነው። ጠረጴዛው ላይ ያለው ቺፕ በጠቅላላ 10,000፣ የአራቱ ቀሪዎች ድርሻ እያንዳንዱ 2,500 ነው። ብላይንዶቹን፣ ማለትም ካርታ ሳይታይ በግዴታ የሚከፈሉትን መነሻ ውርርዶች፣ ለጊዜው ወደ ጎን እንተዋቸው። አራቱም እኩል ስለሆኑ የእያንዳንዱ ድርሻ በገንዘብ 250 ዶላር ነው፤ እዚህ ላይ ማንም አይከራከርም። ሁለቱ ቢጋጠሙና አንዱ ቢረታ፣ አሸናፊው 5,000 ቺፕ ይዞ ሁለት ባለ 2,500 ተቃዋሚዎች ይቀሩታል። ይህ ቦታ በገንዘብ ስንት ነው? ቺፑ እጥፍ ስለሆነ 500 ዶላር ነው የሚል ካለ ተሳስቷል፤ 500 ዶላር የአንደኛው ሽልማት በሙሉ ነውና፣ ጨዋታው ደግሞ ገና አላለቀም።

ተጫዋቾች በእንግሊዝኛ ምህጻሩ አይሲኤም (ኢንዲፔንደንት ቺፕ ሞዴል) የሚሉት ሞዴል መልሱን እንዲህ ያወጣዋል። አንደኛ የመውጣት ዕድል ከቺፕ ድርሻ ጋር እኩል ነው፤ ባለ 5,000ው ግማሽ አለው። ሁለተኛውን ለማግኘት አንደኛ የወጣውን ከነቺፑ ከሒሳቡ አውጥቶ፣ በቀሩት መካከል ያንኑ ስሌት ይደግማል። በዚህ መንገድ መሪው ሁለተኛ የመሆን ዕድሉ አንድ ሦስተኛ፣ ሦስተኛ የመሆን ዕድሉ አንድ ስድስተኛ ይሆናል። ድምሩ 383 ዶላር ከ33 ሳንቲም ነው። እንግዲህ የሚቀበለው ሰው 250 ዶላሩን አደጋ ላይ ጥሎ የሚጨምረው 133 ዶላር ብቻ ነው። ለዚህ የሚበቃው የማሸነፍ ዕድል 250 ለ383 ሲካፈል፣ 65.2 በመቶ ነው። ኤስና ክዊን 64.4 ነው። አልሞላም።

የቀረው 116 ዶላር ከ67 ሳንቲም የት ገባ? ይህን ሒሳብ ከሁሉ በላይ የምወድለት ቦታ ይኼ ነው። ከግጭቱ በፊት አራቱ እያንዳንዳቸው 250 ነበራቸው። ከግጭቱ በኋላ አሸናፊው 383፣ ተሸናፊው ዜሮ፣ ካርታ ሳይነኩ ቁጭ ብለው የተመለከቱት ሁለቱ ደግሞ እያንዳንዳቸው 308 ዶላር ከ33 ሳንቲም። የሁለቱ ፀብ ለተመልካቾቹ 58 ዶላር ከ33 ሳንቲም እየመተረ አደለ። ሽልማት ሊጀምር አንድ ሰው ብቻ ሲቀር፣ ተጫዋቾች ባብል በሚሉት ሰዓት፣ ልምድ ያላቸው ሰዎች እጃቸውን አጣምረው ሌሎቹ እስኪጋጩ የሚጠብቁት ከፍርሃት አይደለም ማለት ነው።

የዚህ ሞዴል ሥር ፖከር ሳይሆን የፈረስ እሽቅድምድም ነው። አሜሪካዊው የስታቲስቲክስ ሊቅ ዴቪድ ሃርቪል እ.ኤ.አ. በ1973 ባወጣው ጥናት፣ እያንዳንዱ ፈረስ አንደኛ የመውጣት ዕድሉ ከታወቀ የሁለተኛውንና የሦስተኛውን ደረጃ ዕድል እንዴት ማስላት እንደሚቻል አሳየ። በ1980ዎቹ የፖከር ጸሐፊው ሜሰን ማልሙት ይህንኑ ቀመር ወደ ፖከር አመጣው፤ በፈረሱ ዕድል ፋንታ የቺፕ ድርሻን ተካ። ቀመሩ ቀላል ነው፤ ሰው በወረቀት ሊያሰላው ይችላል፣ ቢያንስ ሦስት አራት ሰው ሲቀር። ዘጠኝ ሰው ካለ ግን ሊከሰቱ የሚችሉት የደረጃ ቅደም ተከተሎች 362,880 ናቸው፤ ሰዉ በጣም ሲበዛ ኮምፒውተሩም በቀጥታ መቁጠሩን ትቶ በናሙና ይገምታል።

ቀላልነቱ ግን ጥያቄ ያስነሳል። ፈረሶች የሚሮጡት እያንዳንዱ በየራሱ ጉልበት ነው። የፖከር ተጫዋች ግን የሚወድቀው ቺፑን ለሌላ ሰው አስረክቦ ነው። አይሲኤም ስለዚህ ዝውውር ምንም አያውቅም። መሪውን ከአናት አውጥቶ ቀሪዎቹን ሲያወዳድር፣ የመሪው ቺፕ ከማን የመጣ፣ ወደ ማን የሚሄድ እንደሆነ አይጠይቅም።

ሁለተኛው ሞዴል ይህን ጥያቄ ከታች ወደ ላይ ይመልሰዋል። ከማርክ ዋይትዝማን ስም ጋር የተያያዘው ይህ ዘዴ መጀመሪያ የሚጠይቀው “ማን ያሸንፋል?” ብሎ ሳይሆን “ማን ቀድሞ ይወድቃል?” ብሎ ነው። የመውደቅ ዕድል ከቺፕ ብዛት ጋር በተቃራኒው ይሄዳል፤ ግማሽ ቺፕ ያለው ሰው የመውደቅ ዕድሉ እጥፍ ነው። የወደቀው ሰው ቺፕ ለቀሪዎቹ እኩል ይከፋፈላል፤ ከዚያ እንደገና ይሰላል። በእኛ ምሳሌ መሪው ቀድሞ የመውደቅ ዕድሉ አንድ አምስተኛ ነው፤ ድርሻው 380 ዶላር፣ ለመቀበል የሚያስፈልገው 65.8 በመቶ።

ሦስተኛው ደግሞ የሒሳብ ሰዎች ልባቸው የሚያዘነብልበት ነው። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ፓስካልና ፌርማ በተጻጻፉበት ችግር ላይ የቆመ ነው፤ ሁለት ቁማርተኞች አንዱ እስኪከስር ድረስ በእኩል ዕድል አንድ አንድ ሳንቲም ቢጫወቱ ማን ይቀራል? ለሁለት ሰው መልሱ የታወቀ ነው። ለሦስት ሰው ግን ነገሩ ይወሳሰባል። የአሜሪካው ዩሲኤልኤ ዩኒቨርሲቲ የስታቲስቲክስ ፕሮፌሰር ቶማስ ፈርጉሰን እ.ኤ.አ. በ1995 ሠርቶበታል፤ ልጁ ክሪስ ፈርጉሰን ከአምስት ዓመት በኋላ በላስ ቬጋስ የዓለም የፖከር ሻምፒዮና ዋናውን ውድድር መርታቱ የዘርፉ ሰዎች ፈገግ ብለው የሚያነሱት ነገር ነው። በቅርብ ጊዜ ደግሞ የሒሳብ ሊቃውንቱ ፐርሲ ዲያኮኒስና ስቱዋርት ኢቲየር ይህንኑ የሦስት ሰው ክስረት ከአይሲኤም ጋር ጎን ለጎን አስቀምጠው መርምረውታል።

የእኛ ምሳሌ በዚህ ዘዴ በእጅ ሊሰላ መቻሉ ደስ ይላል። በየዙሩ ከሦስቱ ሁለቱ በዕጣ ይመረጡ፣ 2,500 ቺፕ አስይዘው ሳንቲም ይወርውሩ። ባለ 5,000ው ከሁሉ ቀድሞ የመውደቁን ዕድል ሀ ብንለው፣ ሁለቱ ትንንሾች ደግሞ የቀረውን እኩል ይካፈሉታል። መሪው ከሁሉ ቀድሞ እንዲወድቅ አስቀድሞ ከሁለቱ በአንዱ ተሸንፎ ራሱ ትንሽ መሆን አለበት፤ የዚህ ዕድል አንድ ሦስተኛ ነው። ስለዚህ ሀ ማለት የ(1 ሲቀነስ ሀ) አንድ ስድስተኛ ነው፤ ከዚህ ሀ አንድ ሰባተኛ ሆኖ ይወጣል። የመሪው ድርሻ 385 ዶላር ከ71 ሳንቲም፣ የሚያስፈልገው ዕድል 64.8 በመቶ።

ሦስቱን እናስተያያቸው፤ 64.8፣ 65.2፣ 65.8። ልዩነታቸው አንድ ነጥብ ብቻ ነው። ከሦስቱ አንዳቸውም ኤስና ክዊንን አይቀበሉም። በመካከላቸው በእውነት ከሚያጣሉት ጥቂት ካርታዎች አንዱ ምልክቱ የተለያየ ኤስና ኪንግ ነው፤ ከማንኛውም ካርታ ጋር 65.3 በመቶ ይረታል። የክስረቱ ሞዴል ተቀበል ይላል፤ አይሲኤም በፀጉር ስንጣቂ ተቀበል ይላል፤ የዋይትዝማን ዘዴ ጣል ይላል። በገንዘብ ስንት ይሆናል? በአንደኛው ስሌት መቀበል ሁለት ዶላር ገደማ ያተርፋል፣ በሌላኛው ሁለት ዶላር ገደማ ያስከስራል። ከአንድ ሺህ ዶላር ሽልማት ውስጥ።

እዚህ ላይ ነው የዚህ ጽሑፍ ክርክር የሚጀምረው። የትኛው ሞዴል “ትክክል” ነው የሚለው ሙግት ረጅም ዕድሜ አለው፤ ገሚሱ አይሲኤም ጊዜው ያለፈበት ነው ይላል፣ ገሚሱ አዲስ ሶፍትዌር ይሸጣል። እኔ እንደሚታየኝ ግን ሙግቱ ያለቦታው ነው። ቺፕ ከመቁጠር ወደ ገንዘብ መቁጠር የተደረገው እርምጃ መስፈርቱን ከ50 ወደ 65 አንስቶታል። ከዚያ በኋላ ያለው የሞዴል ምርጫ በግማሽ ነጥብ፣ በአንድ ነጥብ ነው።

ለምን ይህን ያህል ተቀራረቡ? ሦስቱም በአንድ ነገር ስለሚስማሙ ነው፦ ችሎታው እኩል በሆነ ጨዋታ አንደኛ የመውጣት ዕድል ከቺፕ ድርሻ አይበልጥም፣ አያንስም። ይህ የሞዴል ምርጫ አይደለም፤ ፍትሐዊ ጨዋታ ከሆነ ከዚህ መውጣት አይቻልም። ስለዚህ የሚከራከሩት ከሁለተኛ ደረጃ ጀምሮ ወደ ታች ስላለው ብቻ ነው። አንደኛው አብዛኛውን በሚወስድበት ውድድር ለመከራከር የሚተርፈው ገንዘብ ትንሽ ነው።

ሌላ ምሳሌ ይህን በደንብ ያሳያል። ሦስት ሰው ቀርቶ አንዱ 8,000፣ ሁለቱ አንድ አንድ ሺህ ቺፕ ይዘዋል፤ ጨዋታውን አቁመው ገንዘቡን በስምምነት ሊካፈሉ ነው። የዋህ የሆነው አከፋፈል ለእያንዳንዱ 200 ሰጥቶ የቀረውን 400 በቺፕ ብዛት ማደል ነው። ታዲያ መሪው 520 ዶላር ይደርሰዋል፤ አንደኛ ቢወጣ ከሚያገኘው 500 ይበልጣል! እንዲህ ያለውን ስምምነት የሚፈርሙ ትንንሾች ነበሩ፤ ዛሬም አይጠፉም። አይሲኤም ለመሪው የሚሰጠው 457 ዶላር ከ78 ሳንቲም ነው። የዋይትዝማን ዘዴ 454 ያህል ይሰጠዋል። በየትኛውም ሞዴል ደግሞ፣ መሪው ሦስተኛ የመሆን ዕድሉ ጨርሶ ዜሮ ነው ብንል እንኳ ከ460 በላይ ሊሄድ አይችልም። ጠቅላላው ሙግት በስድስት ዶላር ውስጥ ነው።

በሦስት ሰው ላይ ሞዴል የማያስፈልግበት ቦታም አለ። እ.ኤ.አ. በ2024 የተካሄደው የዓለም ሻምፒዮና ዋና ውድድር ለአንደኛ 10 ሚሊዮን፣ ለሁለተኛ 6 ሚሊዮን፣ ለሦስተኛ 4 ሚሊዮን ዶላር ከፍሏል። ሦስቱ ቀሪዎች እኩል ቺፕ ቢኖራቸው ኖሮ፣ ኦል ኢን ለመቀበል የሚያስፈልገው 57.1 በመቶ ነበር። ከግጭቱ በኋላ ሁለት ሰው ብቻ ስለሚቀር ሦስቱም ሞዴሎች አንድ ዓይነት ቁጥር ይሰጣሉ። ሁለት ሰው ሲቀር ደግሞ ሁሉም ዝም ይላሉ፤ ሁለተኛነት ለሁለቱም ተረጋግጧል፣ የቀረው ልዩነቱ ብቻ ነው፣ እያንዳንዱ ቺፕም እኩል ዋጋ አለው። እዚያ ላይ ስለ አይሲኤም የሚያወራ ሰው ካለ አልገባውም ማለት ነው።

ሞዴሎቹ በእውነት የሚራራቁት ጫፍ ላይ ነው። አንዱ ተጫዋች ከሞላ ጎደል ሁሉንም ቺፕ ይዞ፣ ሁለቱ አንድ አንድ ቺፕ ብቻ ቢቀራቸው፣ መሪው ቀድሞ የመውደቁ ዕድል ስንት ነው? በአይሲኤም ከሆነ፣ ጠቅላላው ቺፕ 100 ሲሆን ከ4,950 አንድ ጊዜ ነው። ጠቅላላው ቺፕ በእጥፍ ባደገ ቁጥር ይህ ዕድል በአራት እጥፍ ይቀንሳል። በየዙሩ አንድ አንድ ቺፕ በሚጫወቱበት የክስረት ሞዴል ግን በስምንት እጥፍ ነው የሚቀንሰው። እንግዲህ አይሲኤም መሪው ከሚገባው በላይ ቶሎ ይወድቃል ብሎ ያስባል፤ የዚያ ትርፍ ደግሞ ለትንንሾቹ ተስፋ ይሆናል። በትልቁና በትንሹ መካከል ያለው ርቀት ከፍ ባለ ቁጥር፣ አይሲኤም ለደካማው ያዳላል የሚለው ወቀሳ መሠረት አለው። ገንዘቡ ግን አሁንም ጥቂት ነው፤ እንዲህ ያለ ክስተት ራሱ ብርቅ ነውና።

አንድ ለየት ያለ ውድድር አለ፤ ወደ ትልቅ ውድድር የሚያስገባ ትኬት የሚያድለው ሳተላይት። እዚያ አንደኛና ሦስተኛ እኩል ናቸው፣ ሁሉም ያው ትኬት ይወስዳሉ። አራት እኩል ሰዎች ቀርተው ሦስት ትኬት ካለ፣ ኦል ኢን ለመቀበል 75 በመቶ ያስፈልጋል፤ ለዚህም ሞዴል አያስፈልግም፣ ሦስት አራተኛ ትኬት በእጁ ያለ ሰው አንድ ሙሉ ለማግኘት ምን ያህል መተማመን እንዳለበት ማሰብ ይበቃል። ቺፑ እኩል ካልሆነ ግን በሳተላይት የሚወስነው አንደኛ የመውጣት ዕድል ሳይሆን የመውደቅ ዕድል ብቻ ነው፤ ሞዴሎቹ የሚስማሙበት ክፍል ከጥቅም ውጭ ይሆንና የሚጣሉበት ክፍል ብቻውን ይቀራል። የሞዴል ምርጫ ጉዳይ ነው የሚል ሰው በሳተላይት ቢከራከር እሰማዋለሁ።

አሁን ወደ ባብሉ ልመለስና ከእኩልነት እንውጣ። ያው ሽልማት፣ ያው 10,000 ቺፕ፤ ግን መሪው 5,000፣ ሁለቱ መካከለኞች እያንዳንዳቸው 2,300፣ አራተኛው 400 ብቻ። መሪው ኦል ኢን ገባ። ከመካከለኞቹ አንዱ ይቀበል? በአይሲኤም አሁን ያለው ድርሻ 279 ዶላር ከ56 ሳንቲም ነው፤ ቢረታ 364 ዶላር ከ69 ሳንቲም ይሆናል። ለ85 ዶላር ትርፍ 280 ዶላር ማስያዝ ማለት ነው፤ የሚያስፈልገው ዕድል 76.7 በመቶ። መሪው ካርታውን ሳያይ እንደገፋ በእርግጠኝነት ብናውቅ እንኳ፣ የሚቀበሉት ጥንዶች ጃክ፣ ክዊን፣ ኪንግና ኤስ ብቻ ናቸው። ጥንድ አሥር 75 በመቶ ነው፣ ይጣላል። ኤስና ኪንግ ይጣላል፤ ምልክታቸው አንድ ቢሆንም ይጣላል።

መሪው ይህን ያውቃል። ስለዚህም ደጋግሞ ይገፋል። መካከለኞቹ ደግሞ ባለ 400ው እስኪወድቅ ይጠብቃሉ። የዚህ ሁኔታ አስቂኝ ገጽታ የጠረጴዛው ደካማ ሰው ሳይታሰብ ከሁለቱ መካከለኞች በላይ ነፃነት ማግኘቱ ነው፤ የሚያጣው ትንሽ ነው፣ ማንም ሊያስፈራራው አይችልም። ኃይል ያለው ከላይና ከታች ነው፤ መሃል ያለው ታስሯል።

ይህ ምሳሌ የአይሲኤምን ትልቁን ጉድለትም ይጠቁማል። የመሪው ቺፕ ዋጋ ሲሰላ፣ ነገም ከነገ ወዲያም በየዙሩ እየገፋ ብላይንድ እንደሚለቅም ሒሳቡ ውስጥ አልገባም። ሞዴሉ ቺፕን የሚያየው እንደቆመ ክምር እንጂ እንደ ጉልበት አይደለም። ብላይንድም እንዲሁ ነው። 1,500 ቺፕ የያዘና በሚቀጥለው ዙር 600 ትልቁን ብላይንድ የሚከፍል ሰው፣ ገና አሁን ከፍሎ ከጨረሰ ባለ 1,500 ጋር በአይሲኤም ዓይን እኩል ነው። በጠረጴዛው ግን አንዱ መግቢያው ጠቦታል፣ ሌላው ጥቂት ዙር ይተነፍሳል። እንደ ሆልደም ሪሶርስስ ካልኩሌተር ያሉ ሶፍትዌሮች ለዚህ መፍትሔ የሚሉት ቀጣዮቹን ጥቂት ዙሮች አስቀድሞ አጫውቶ፣ በመጨረሻቸው ላይ አይሲኤምን መለካት ነው። ጥሩ ማሻሻያ ነው፤ በተለይ ብላይንዱ ከቺፑ አንጻር ሲገዝፍ። ነገር ግን ወደ ፊት በተጓዘ ቁጥር ሌሎቹ እንዴት እንደሚጫወቱ የሚገምተው ግምት ይደራረባል።

ከሁሉም የሚበልጠው የስሕተት ምንጭ ደግሞ እዚያ ነው፤ ግምት። እስካሁን ተቃዋሚው ካርታውን ሳያይ ገፋ ብለን ነው የሄድነው። ማን እንደዚያ ያደርጋል? በእኩል ባለ 2,500 ምሳሌያችን አንድ ሰው ጥንድ ዘጠኝ ይዟል እንበል። ከማንኛውም ካርታ ጋር 72 በመቶ ይረታል፤ ሦስቱም ሞዴሎች ተቀበል ይላሉ። ተቃዋሚው ግን የሚገፋው ከአሥር ጀምሮ ባሉ ጥንዶች፣ በኤስና ኪንግ፣ በኤስና ክዊን ብቻ ከሆነ፣ ያው ጥንድ ዘጠኝ ወደ 38 በመቶ ገደማ ይወርዳል። ልዩነቱ 34 ነጥብ ነው። ሞዴል መለወጥ አንድ ነጥብ፣ የተቃዋሚን ባሕርይ መሳት ሠላሳ አራት። ከዚያ በኋላ ስለ አሥርዮሽ መጨቃጨቅ ምን ይረባል?

ግምቱን ለማስቀረት የሞከሩ አሉ። ዴቪድ ስክላንስኪና ቪክቶር ቹቡኮቭ ያወጡት ስሌት ከሁሉ ጥንቁቁ ነው፤ ትንሹ ብላይንድ ላይ ያለው ሰው ካርታውን ገልጦ እያሳየ ቢገፋና ተቃዋሚው ፍጹም መልስ ቢሰጥ፣ እስከ ስንት ቺፕ ድረስ መግፋት ከመጣል ይሻላል? ለጥንድ ኪንግ መልሱ ከትንሹ ብላይንድ 950 እጥፍ ያህል ነው። የዚህ ዘዴ ውበቱ ማንንም መገመት አለማስፈለጉ ነው። ድክመቱም ያው ነው፤ ካርታውን የሚያሳይ ሰው የለም፤ ስለዚህ ቁጥሩ የታችኛውን ወለል እንጂ የተሻለውን መንገድ አያሳይም። ፖል ማግሪየል የጀመረውና ዳን ሃሪንግተን ያስፋፋው የኤም መለኪያም አለ፤ ቺፕን በአንድ ሙሉ ዙር ወጪ ማካፈል። ይህ ሞዴል ሳይሆን ሰዓት ነው፤ ስንት ጊዜ እንደቀረ ይናገራል፣ ምን ማድረግ እንዳለብን አይናገርም። ለጀማሪ ግን ከሁሉ በፊት የምመክረው እሱን ነው።

የኮምፒውተር ሳይንስ ሰዎች የመረጡት መንገድ የናሽ ሚዛን ነው፤ ሁሉም ተጫዋቾች አንዱ የሌላውን ስልት እያወቁ ማንም ብቻውን ቢቀይር የማይጠቀምበት ሁኔታ። በዴንማርኩ የኦርሁስ ዩኒቨርሲቲ ፒተር ብሮ ሚልተርሰንና ትሮልስ ሶረንሰን እ.ኤ.አ. በ2007፣ ሁለት ሰው ቀርቶ በጠቅላላ 8,000 ቺፕና 300/600 ብላይንድ ባለበት ጨዋታ፣ ወይ ኦል ኢን ወይ መጣል ብቻ የሚል ቀላል ስልት ከምርጡ ብዙም እንደማይርቅ አሳዩ። በካርኔጊ ሜለን ሳም ጋንዝፍሪድና ቱማስ ሳንድሆልም ወዲያው ወደ ሦስት ሰው አሰፉት። እዚህ ላይ ብዙ ተጫዋቾች የማያስተውሉት ነገር አለ። በሁለት ሰው ጨዋታ የናሽ ስልት የሚጫወት ሰው ተቃዋሚው ምንም ቢያደርግ በአማካይ ከዋጋው በታች አይወርድም። በሦስትና ከዚያ በላይ ግን ይህ ዋስትና የለም። በመጀመሪያው ምሳሌ ያየነውን እናስታውስ፤ ሁለት ሰው ሲጋጭ የሚያተርፈው ተመልካቹ ነው። አንድ ተጫዋች ፍጹም በሆነ ስልት ገፍቶ፣ ተቃዋሚው መቀበል የሌለበትን በግትርነት ቢቀበለው፣ ሁለቱም ይከስራሉ፤ ትርፉን ዝም ብለው የተቀመጡት ይካፈሉታል። የሌላው ሰው ስሕተት እኔን የሚያስከፍልበት ጨዋታ ነው። ሶፍትዌሩ “ማንኛውንም ካርታ ግፋ” ያለው ሰው፣ መጣልን የማያውቅ ተቃዋሚ ፊት ቢገፋ፣ የሚከፍለው ሶፍትዌሩ አይደለም።

ይህ ሁሉ በወረቀት ላይ ሲሆን ጨዋነት አለው። በ2024ቱ ዋና ውድድር ግን ወደ ጠረጴዛው ዳር መጣ። አሸናፊው ጆናታን ታማዮ በመጨረሻው ጠረጴዛ በየመሃሉ ወደ ደጋፊዎቹ ሲሄድ፣ ደጋፊዎቹ መካከል የተከፈተ ላፕቶፕ በቴሌቪዥን ታየ። ሽልማቱ አልተነካም፤ ክርክሩ ግን ወራት ዘለቀ፣ አዘጋጆቹም ለ2025 በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ ላይ ያለውን ደንብ አጠበቁ። ከተቆጡት ብዙዎቹ ማሽኑ መልሱን እየነገረው ነበር ብለው ነው የተቆጡት። ደንቡ መጥበቁ ተገቢ ይመስለኛል፤ ነገር ግን ምክንያቱ የሞዴሉ ቀመር ምስጢር ስለሆነ አይደለም። አይሲኤም ነፃ ነው፣ ድረ ገጽ ላይ ቺፑን አስገብቶ ሰከንድ ሳይሞላ መልስ ይገኛል፤ ጠረጴዛው ላይ የደረሰ ማንኛውም ባለሙያ የተለመዱትን ቁጥሮች በቃሉ ያውቃቸዋል። በዙሮች መካከል ከውጭ የሚመጣ እርዳታ ዋጋው የተቃዋሚን አጨዋወት መመዝገቡ ላይ ነው፤ ይህኛው ሰው ስንት ጊዜ ገፋ፣ በምን ካርታ ገፋ፣ ማን ሲገፋበት ጣለ የሚለው። አንድ ነጥቡን ሳይሆን ሠላሳ አራቱን ነጥብ የሚሞላው ያ ነው፤ ደንብ አውጪዎችም ከቀመሩ ይልቅ መከልከል ያለባቸው ይህንን ነው።